ገመዱን መቼ ነው የምለቀው?

አያቴ ፈረስ ላይ የሚወጡት በቀኝ በኩል ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጎራዴ በቀኝ ስለሚታጠቁ ነዋ» ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው ጎራዴ ታጥቀው አያውቁም። አባታቸው ታጥቀዋል። ለእሳቸው የወረደው ልማዱ ብቻ ነው። እርካባቸው እንደ ቀለበት ያለች ትንሽ ብረት ነበረች፤ የምትይዘው አውራ ጣትን ብቻ ነው። በባዶ እግራቸው፣ ጣታቸውን ሰካ አድርገው ብድግ ሲሉ ፈረሱ ንቅንቅ አይልም።

ያደግኩት እንጅባራ አጠገብ ነው፤ አዊ ውስጥ። በእኛ አገር ፈረስ የሀብታም ጌጥ አይደለም። ያርሳል፣ ገበያ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይ ይቆማል። ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። በዚያ ቀን የአያቴን ፈረስ ውኃ የማጠጣውና ጋማውን የማበጥረው እኔ ነበርኩ። ለጉግሱ ገና ልጅ ነኝ። ከአጥሩ ላይ ሆኜ አያለሁ።

አሁን የምጽፈው ከኮሎራዶ ነው። ሥራዬ ፈረስ መግራት ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ዲቪ ደርሶኝ አውሮራ የገባሁት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ። ዴንቨር አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። አውሮራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሀቫና መንገድ ላይ እንጀራም ቡናም ወሬም አለ። ሰው አይናፍቅህም። እኔን የናፈቀኝ ፈረስ ነው። ይህን ለጓደኞቼ መናገር ከበደኝ። እናቴ ናፈቀችኝ ብትል ሁሉም ይገባዋል። የፈረስ ላብ ሽታ ናፈቀኝ ብትል ግን ዝም ብለው ያዩሃል።

በጥር 2014፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን፣ ሥራ አልነበረኝም። አብሮኝ የሚሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ናሽናል ዌስተርን ስቶክ ሾው ይዞኝ ሄደ። ከ1906 ጀምሮ ዴንቨር ውስጥ በየጥሩ የሚደረግ ትልቅ የከብትና የፈረስ ትርኢት ነው። በዚያ ቀን የጥቁር ካውቦዮች ሮዲዮ፣ ማለትም የፈረስና የከብት ጨዋታ ውድድር፣ ነበር። ካውቦይ ሲባል እኔ የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ነጭ ሰውዬ ነው። ጓደኛዬ ቢል ፒኬት ስለሚባል ሰው ነገረኝ። በ1870 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደ ጥቁር ካውቦይ ነው። ከሚሮጥ ፈረስ ላይ ዘሎ በሬን በቀንዱ ጠምዝዞ የመጣሉን ጨዋታ ያስጀመረው እሱ ነው። በስሙ የሚጠራው ሮዲዮም በ1984 የተጀመረው እዚያው ዴንቨር ነው።

እኔን ያስቀረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴትዮ በአንድ ዳማ ፈረስ ሜዳውን ስትዞር አየሁ። ዛቡን የያዘችው በሁለት ጣት ነው። ፈረሱ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ወደኋላ ይሄዳል። ስትጎትተው አላየሁም። አያቴን ከሞቱ በኋላ ያየኋቸው ያህል ነበር። ጥር ነው። በዚያው ሳምንት አገሬ ላይ ፈረስ እየታጠበ ነው። እኔ አውቶቡስ እየነዳሁ ነው። በዚያ ሌሊት አልተኛሁም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ኤልዛቤት የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ የፈረስ ማደሪያ ሄጄ «ፋንድያ ልጥረግላችሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም» አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ጠረግኩ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ጊዜዬን ያባከንኩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ፈረስን በጣም ያወቅኩት አካፋ ይዤ ነው። ማን እንደሚጎዳ፣ ማን እንደሚፈራ፣ ማን ውኃ እንዳልጠጣ ከበረቱ ወለል ላይ ይነበባል። ፈረስ አያስመልስም። ሆዱ ከታመመ መውጫ የለውም። ፋንድያው የቀነሰ ፈረስ ካየህ መሮጥ አለብህ።

እዚያ ነው ስለ ኖርዝ ፓርክ የሰማሁት። ከዋዮሚንግ ድንበር በታች ያለ፣ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። ዋናዋ ከተማ ዋልደን 2,470 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አንድ ራንች፣ ማለትም የከብት እርባታ፣ ለመውለጃው ወቅት ሰው ይፈልጋል ተባለ። በመጋቢት 2015 ሥራዬን ለቅቄ ሄድኩ። እናቴ በስልክ «ከአሜሪካ ወደ ገጠር ነው የምትሄደው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከመኪናው ስወርድ አየሩን ሳንባዬ አወቀው። የእንጅባራ ደጋ አየር ነው፤ በረዶ ተጨምሮበት።

የራንቹ ባለቤት የ71 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም። በስማቸው ጥራኝ ሲሉኝ አፌ እምቢ አለኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ብዬ ሳልጠራቸው ነው የሠራሁት። እዚህም ሽማግሌው እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ቀን «ትጋልባለህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። አንድ መጋላ ፈረስ ጭነው ሰጡኝ። ሳላስበው በቀኝ በኩል ሄጄ እግሬን እርካብ ላይ አደረግኩ። ፈረሱ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ተወረወረ። እኔ መሬት ላይ ነኝ። ሥራው አከተመ ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌው ግን ፈረሱን ይዘው ግንባሩን እያሻሹ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «በቀኝ ዓይኑ ሰው ሲወጣበት አይቶ አያውቅም። አንድ ወገኑን ብቻ ነው ያስተማርኩት።»

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ናቸው። ራሱን ሳያዞር ዙሪያውን ወደ 350 ዲግሪ ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ትንሽ ቦታና ከጭራው ኋላ ብቻ ነው። ይህ የሚታደን እንስሳ ዓይን ነው። በግራ ዓይኑ የለመደውን ነገር በቀኝ ዓይኑ ሲያየው ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይደነግጣል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ታስተምረዋለህ። ሽማግሌው በዚያው ሳምንት ያን ፈረስ በቀኝ በኩል እንድወጣበት አለማመዱት። የ71 ዓመት ሰው ከእኔ ስህተት ለፈረሱ ትምህርት አወጡ። ከዚህ ሰው ጋር እቆያለሁ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ስለ መግራት አንድ ቃል አልተነገረኝም። ሥራ ብቻ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላሞች ይወልዳሉ። በየሁለት ሰዓቱ ባትሪ ይዘህ በረዶ ውስጥ ትዞራለህ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሆነበት ሌሊት አለ። እርጥብ ሆኖ የወደቀ ጥጃ ጆሮው ይቀዘቅዛል፤ ካልደረስክለት ይሞታል። ስንቱን ተሸክሜ ማሞቂያ ክፍል እንዳስገባሁ አልቆጥረውም። ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአካባቢው ተኩላ ከብት መግደል ስለጀመረ የሌሊቱ ዙር ብሷል። ግንቦት አጥር ትጠግናለህ። ሰኔ ጥጃ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ትተኩሳለህ፣ ሜዳውን በአካፋ ውኃ ታጠጣለህ። ሐምሌና ነሐሴ ሣር ይታጨዳል። መከር ላይ ከብቱ ከተራራ ይወርዳል።

በክረምት ለከብቱ ድርቆሽ የምናድለው በትራክተር አልነበረም። ሁለት ግዙፍ የጋሪ ፈረሶች የሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ነው። ትራክተር በብርድ እምቢ ይላል፤ ፈረስ ግን ይነሳል። ጠዋት ሸርተቴው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ሁለቱ ፈረሶች እኩል ካልገፉ አይላቀቅም። አንዱ ቀድሞ ከዘለለ ሌላው ይሰናከላል፤ ሁለቱም ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ከመጥራትህ በፊት ጆሯቸውን ታያለህ። አራቱም ጆሮ ወደ አንተ ሲዞር ትጠራለህ። ትንሽ ብትዘገይ አንዱ ሐሳቡን ይለውጣል። ብትቸኩልም አይሆንም። መጀመሪያ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በየካቲት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ስለ ፈረስ መግራት የተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ትምህርት መሆኑን ግን ያኔ አላወቅኩም።

በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌው የሦስት ዓመት ፈረሶችን መግራት እንድጀምር ፈቀዱልኝ። እሳቸው በ1980ዎቹ ሬይ ሃንት የሚባል ሰው ያስተማራቸው ናቸው። ሬይ ሃንት በ1929 አይዳሆ ውስጥ የተወለደ ካውቦይ ነው። እሱ ደግሞ ከቶም ዶራንስ ተማረ። ቶምና ወንድሙ ቢል ዶራንስ ከኦሪገን የመጡ፣ ዝም ያሉ የከብት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ናቹራል ሆርስማንሺፕ፣ ማለትም ተፈጥሯዊ የፈረስ አያያዝ፣ እየተባለ ገበያ የወጣው ነገር ሥሩ እዚያ ነው። ሬይ ሃንት ሰው ሊያስተምር ሲቆም የመጣሁት ለፈረሱ ነው ይል ነበር፤ ሰውዬው ፈረሱን እንዲረዳው እንጂ ፈረሱ ሰውዬውን እንዲፈራው አልመጣሁም ማለቱ ነው። በዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የተለመደው የዱር ፈረስን እግሩን አስሮ፣ ጭኖ፣ እስኪሰበር መጋለብ ነው። በእንግሊዝኛ ፈረስ መግራትን የሚጠሩበት የድሮ ቃል «መስበር» ማለት ነው።

የእኛው መግራት የሚለው ቃል መስበር አይደለም። ገራም ከሚለው ጋር አንድ ነገድ ነው፤ የዋህ፣ ለስላሳ ማድረግ ነው። ሥራው ግን ሁልጊዜ እንደ ቃሉ አልነበረም። እኛ ሰፈር ውርንጭላ ሲያድግ ሁለት ጎልማሶች በገመድ ይይዙታል፣ የታረሰ መሬት ውስጥ ያስገቡታል፣ ጭቃው እስኪያደክመው አንዱ ይጋልበዋል። ልጅ ሆኜ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር። አያቴ ግን ከዚህ ሥራ ይርቁ ነበር። ውርንጭላውን ራሳቸው ገብስ በእጃቸው እያበሉ፣ ከጎኑ ቆመው፣ ምንም ሳይሠሩ የሚውሉበት ቀን ነበር። ሰነፍ ሆነው አይደለም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሌላ አህጉር ላይ ነው።

እንግዲህ ስህተቴን ልንገራችሁ። አንድ ቦራ ድንጉላ ነበር፤ ሦስት ዓመቱ። የመጀመሪያውን ሳምንት በጥሩ ሁኔታ ሄደልኝ። ልባቡን ለመደ፣ ገመዱን ተከተለ፣ ግላሱን ተቀበለ። በስምንተኛው ቀን ሽማግሌው ከተማ ሄደው ነበር። እሳቸው ሲመለሱ ተቀምጬበት እንዲያዩኝ ፈለግኩ። ኮርቻውን ጫንኩ። ጆሮው ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ። አፉ ተጨመደደ። ጭራውን ወደ ውስጥ ያዘ። ቆይቶ ትንፋሹን ያዘ። አራቱንም አይቻለሁ። አይቼ ወጣሁበት።

ሦስት ጊዜ ዘለለ። በሦስተኛው መሬት ላይ ነበርኩ፤ የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ትከሻዬ በሁለት ወር ዳነ። ፈረሱ ግን አንድ ነገር ተማረ፦ ስዘል ሸክሙ ይወርዳል። ይህን ከልቡ ለማውጣት ስድስት ወር ፈጀብን። ሽማግሌው አልተቆጡም። «አራት ጊዜ ነገረህ» አሉኝ፤ «አምስተኛውን ምን ይጨምርልህ?» ብቻ። እስከ ዛሬ ያ ፈረስ ትንፋሹን ሲይዝ ይታየኛል። እሱን ሳስብ አሁንም አዝናለሁ።

እጄ በፋሻ ታስሮ ስለነበር ሽማግሌው በሌላ መንገድ ያስተምሩኝ ጀመር። የገመድ አንዱን ጫፍ አስያዙኝ፣ ሌላውን እሳቸው ያዙ። «ዓይንህን ጨፍን፤ አንተ ፈረስ ነህ» አሉኝ። በቀስታ ወደ ቀኝ ጎተቱኝ። እጄ ሲከተል ግን ገመዱን አላላሉትም፤ እየጎተቱ ቀጠሉ። ወዲያው ተናደድኩ። እጄ ራሱ እምቢ አለ። ደግመው ጎተቱኝ፤ በዚህ ጊዜ ጣቴ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ገመዱ ላላ። ደግመው ሊጎትቱኝ ሲያስቡ እጄ ቀድሞ ሄደ። ዓይኔን ስገልጥ ሽማግሌው ፈገግ ብለዋል። ለሃያ ደቂቃ ያህል ይህን ብቻ ሠራን።

መጎተት ፈረስን ምንም አያስተምርም። የሚያስተምረው መልቀቁ ነው። ስትጎትት ጥያቄ ትጠይቃለህ፤ ስትለቅ መልሱ ትክክል ነው ትላለህ። ፈረሱ አንድ ፀጉር ታህል ወደ አንተ ሐሳቡን ሲያዘነብል፣ እግሩ ሳይነሳ፣ ክብደቱ ብቻ ሲዞር፣ ያኔ መልቀቅ አለብህ። አንድ ሰከንድ ካለፈ ሌላ ነገር አስተማርከው። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ሲወረውር ከለቀቅክ መወርወርን አስተማርከው። በጭቃ ውስጥ አድክመን የምንገራው ፈረስም ይታዘዛል። ግን መልስ ሰጥቶ አይደለም፤ ጥያቄው ስላላለቀለት ዝም ብሎ ነው። ዝም ያለ ፈረስና የተረጋጋ ፈረስ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ዓይኑ ላይ ይለያል። ሽማግሌው ይህን ልዩነት ሳላየው የቀረሁባቸውን ቀናት ሁሉ ይቆጥሩብኝ ነበር።

በመሃል አንድ ነገር ልጨምር፤ ብቻዬን ሆኜ ያስደነቀኝ ነገር ነው። እዚህ የድሮዎቹ ካውቦዮች አፍ ውስጥ ብረት ሳይከቱ፣ አፍንጫ ላይ ብቻ በሚያርፍ የቆዳ ጥምዝ ፈረስ ይገራሉ። ሃካሞር ይሉታል። ቃሉ ከስፓኞቹ «ሃኪማ» የመጣ ነው፤ የስፓኞቹም ከዓረብኛ። የአጋላለብ ስልቱም አንዱ ክንፍ ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች ወደ ስፔን፣ ከስፔን ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገረ ነው። የእኛ ልጓም የሚለው ቃልም ከዓረቦቹ «ሊጃም» ጋር ዘመድ ነው። ኖርዝ ፓርክ በረት ውስጥ ቆሜ የያዝኩት ገመድ ከእኔ አገር የራቀ አልነበረም። በሃካሞር ጀምሮ ፈረሱን በአንድ እጅ እስከሚነዳበት ልጓም ለማድረስ ዓመታት ይፈጃል። ማንም አይቸኩልም። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ፤ ለአያቴ መናገር እፈልግ ነበር።

በ2018 የራሴን ፈረስ አገኘሁ። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት መሬት ላይ የሚኖሩ የዱር ፈረሶች አሉ፤ ማስታንግ ይባላሉ። ከ1971 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሜዳው ከሚችለው በላይ ሲበዙ ቢ.ኤል.ኤም. የሚባለው የመንግሥት መሬት አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት ይሰበስባቸውና ለሚንከባከብ ሰው ይሰጣል። ኮሎራዶ ውስጥ ካኞን ሲቲ የሚባል ቦታ፣ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ከ1986 ጀምሮ እስረኞች ጭምር ይገሯቸው ነበር። እኔ የፈለግኩት ማንም ያልነካትን ነው። 125 ዶላር ከፈልኩ። ከዋዮሚንግ የመጣች የአራት ዓመት ባዝራ ናት። ቀለሟ ዳማ ስለሆነ ዳማ አልኳት። አንገቷ ላይ በግራ በኩል፣ ከጋማዋ ሥር፣ የመንግሥት ምልክት አለ፤ በቅዝቃዜ የተተኮሰ ስለሆነ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ላልተገራ ፈረስ የሚፈለገውን 1 ሜትር ከ80 አጥር ሽማግሌው አብረውኝ ሠሩ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ባልዲ ገልብጬ በረቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዳማ ከሌላው ጥግ ነበረች። ስታየኝ ዓይኔን ወደ መሬት አደርጋለሁ። አንድ እግር ወደ እኔ ካነሳች ተነስቼ እወጣለሁ። አዎ፣ እወጣለሁ። ለእሷ ትልቁ ሽልማት የእኔ መሄድ ነበር። በስድስተኛው ቀን ከባልዲው ስነሳ ሁለት እርምጃ ተከተለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ወሰድኩ። ጫፉን ትከሻዋ ላይ አሳርፋለሁ። ትሸሻለች፤ እከተላታለሁ እንጂ አላነሳውም። እግሯ ሲቆም፣ ለቅጽበትም ቢሆን፣ አነሳዋለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆም ምን እንደሚያመጣ አወቀች። ዘንጉን በየቀኑ ወደ ጫፉ እየተጠጋሁ ያዝኩት። በ11ኛው ቀን በእጄና በትከሻዋ መካከል ዘንግ አልነበረም። ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቆመ። ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ከንፈሯን ላሰች፤ አፏን አላመጠች። እኔም አብሬያት ተነፈስኩ። ደግሜ አልነካኋትም። ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኗ ሄድኩ፤ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሽማግሌው በ2020 ራንቹን ለልጃቸው ትተው ወደ ከተማ ወረዱ። እኔ እዚያው ሜዳ ጥግ ላይ ቦታ ተከራይቼ የሌሎች ራንቾችን ወጣት ፈረሶች እቀበላለሁ። አንዱን ለስድሳ ቀን እይዛለሁ። በአንድ ጊዜ ከስድስት በላይ አልወስድም፤ ከስድስት በላይ ከሆነ መቸኮሌ አይቀርም። ገንዘቡ አውቶቡስ ከመንዳት አይሻልም። በክረምት አሁንም ጥጃ እጠብቃለሁ። ከእኛ ልጆች መካከል ይህን ሥራ የሚፈልግ ካለ ስልጠና ከመክፈሉ በፊት አንድ የመውለጃ ወቅት ራንች ላይ ይቅጠር። ማታ ከደከመ ላም ጋር ያልታገሠ እጅ ፈረስ ላይ አይታገሥም። ቪዲዮ እያዩ መጀመር ጥሩ ነው፤ ግን ቪዲዮ ውስጥ ብርድ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ትንፋሹን የያዘ ፈረስ አይታይም።

በ2015 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ለጥር 23 አገር ቤት ገባሁ። አስራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሜዳው እንደ ድሮው ነው፤ ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጌጥ ተሸልመዋል። ከበዓሉ በኋላ አጎቴ ቤት ሄድኩ። የእህቴ ልጅ አንድ ወጣት ፈረስ በገመድ ይጎትታል። ፈረሱ እግሩን ተክሏል። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። ልናገር አፌን ስከፍት አጎቴ ቀደሙኝ። ከመደባቸው ሳይነሱ «ተው፣ ልቀቅለት» አሉት። ልጁ ገመዱን አላላ። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ቆይቶ አንድ እግሩን አነሳ።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«አባቴ ነዋ» አሉ። «አንተ እዚያ አሜሪካ ምን ልትማር ሄድክ?»

መልስ አልነበረኝም። ለረጅም ጊዜ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ፈረሱን አየሁ። ከዚያ ለእህቴ ልጅ የገመዱን ጨዋታ አሳየሁት፤ ዓይኑን አስጨፍኜ። እሱም እንደኔ በመጀመሪያ ተናደደ።

ኖርዝ ፓርክ ስመለስ የካቲት ነበር። ዳማን አንድ ወር አላየኋትም። ጎረቤት ነበር የሚመግባት። በበረዶው ላይ ስመጣ ከአጥሩ ጥግ ጆሮዋን አነሳች። ልባብ ሳልይዝ ነበር የገባሁት። ግላሱን ጣል አደረግኩ፤ ኮርቻውን ጫንኩ። ጆሮዋን አየሁ። ትንፋሿን አየሁ። ከዚያ በፊቷ ዞሬ በቀኝ በኩል ሄድኩ። እግሬን እርካብ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ዳማ አንገቷን ትንሽ ወደ እኔ አዞረች፤ ማን እንደሆነ አይታ መለሰችው። ወጣሁ። ንቅንቅ አላለችም።